«ገባችሁ?» ስል 62 ልጅ «አዎ ቲቸር!» ይለኛል፣ ኩዊዝ ስሰጥ ያለፈው 9 ልጅ ነው። ምን ላድርግ?

አዲሷ_ባዮሎጂ
ማክሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ናችሁ የድሬ መምህራን፣ የሐረርም ካላችሁ። እኔ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው የማስተምረው፣ ከደብረ ብርሃን መጥቼ ድሬ ሁለተኛ አመቴ ነው፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ (ውሸቴን ነው አልለመድኩትም)። የከሰዓት ፈረቃ ነኝ፣ ክፍሌ 62 ልጅ ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ ሶስትም አራትም ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ባለፈው ሳምንት ዲፊዩዥንና ኦስሞሲስ (ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ጨው ወይ ስኳር ወደበዛበት ሲሄድ ማለት ነው) አስተማርኩ። ሌሰን ፕላኔን ጥሩ አድርጌ ነው የሰራሁት፣ ቻርት ስዬ ይዤ ሄጃለሁ፣ ኖት ጽፌያለሁ፣ በእንግሊዝኛ ከዛ በአማርኛ አስረድቻለሁ፣ በየመሀሉ «ገባችሁ?» እያልኩ። «አዎ ቲቸር!!» ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ድምፁ ራሱ ደስ ይላል። ሰኞ ከ10 የሚታረም ኩዊዝ ሰጠሁ። 5ና ከዛ በላይ ያመጡት 9 ልጆች ናቸው። ዘጠኝ! አንዷ ኦስሞሲስ ምንድነው ለሚለው «ቲቸር ያስተማረችን ነገር» ብላ ጽፋለች፣ ሳቄም መጣ እንባዬም መጣ።

ሱፐርቪዥን የመጡት ሰዎች ክፍሉ ጭጭ ብሎ ሲጽፍ አይተው «ክላስ ኮንትሮል በጣም ጥሩ» ብለውኝ ነው የሄዱት። ሆም ሩም ቲቸሩ ደግሞ «ልጆቹ ሰነፍ ናቸው አትጨነቂ» ይለኛል። እኔ ግን 53 ልጅ ባንዴ ሰነፍ ሆነ ብዬ ማመን አቃተኝ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እባካችሁ «ተማሪ ተኮር ሁኚ» ምናምን አትበሉኝ፣ የእሱ ሰርተፊኬት ቤቴ ተሰቅሏል።


ደሞዝ_መቼ_ነው
ማክሰኞ ማታ 3፡52

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። አንቺ 9 ከ62፣ ማለት ከ14 በመቶ በላይ አሳልፈሻል። መሸለም ያለብሽ ሰው ምን ታማርሪያለሽ ሃሃሃ


ገንደቆሬ_ቦይ
ማክሰኞ ማታ 4፡15

ወላሂ ይሄን ሳነብ ክፍላችን ትዝ አለኝ። እኔ መምህር አይደለሁም ባጃጅ ነው የምነዳው፣ ግን የኋላ ዴስክ ላይ ቁጭ ብዬ ለ4 አመት «አዎ ቲቸር» እያልኩ ስለጮህኩ በዚህ ጉዳይ ኤክስፐርት ነኝ።

ሚስጥሩን ልንገርሽ አቦ። ተማሪ «አዎ» የሚለው ገብቶት አይደለም። «አልገባኝም» ካልሽ ቲቸሩ ያንኑ ነገር በዛው ቃል ጮክ አርጎ ይደግመዋል፣ እኔ እኮ ያልገባኝ ስላልሰማሁ አይደለም። ከዛ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያይሻል። ደወል ሊደወል 5 ደቂቃ ሲቀረው «አልገባኝም» ያለ ልጅ ደግሞ ሂሳቡን ውጪ ነው የሚያገኘው፣ እኛ ክፍል አንዱ በዚህ ምክንያት ጫማውን ጣሪያ ላይ ወርውረውበት በካልሲ ቤቱ ሄዷል።

ሌላው ደግሞ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ የገባኝ ይመስለኝ ነበር። ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሲሰራው እኮ ቀላል ነው፣ ራስሽን እየነቀነቅሽ ትከተይዋለሽ። ማታ ቤት ሄጄ ደብተሬን ስከፍት ግን ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው ነው እላለሁ። ስለዚህ «አዎ» ያልኩት ሁሌ ውሸት አልነበረም ለማለት ነው።


ጋሽ_ጠመኔ
ረቡዕ ጠዋት 12፡50

ልጄ፣ የገንደቆሬን ልጅ መልስ በትልቁ ጽፈሽ ስታፍ ሩም ለጥፊው። እኔ 29 አመት የጠመኔ ብናኝ ውጫለሁ፣ ፊዚክስ ነበርኩ፣ አሁን ጡረታዬ ደርሷል፣ ይሄ ልጅ በሁለት አንቀጽ የነገረሽን ለመረዳት እኔ አስራ ምናምን አመት ፈጅቶብኛል።

1997 ላይ ፕላዝማ ሲገባ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ቆም ይላል፣ ከዛ ራሱ «ቬሪ ጉድ!» ይላል። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቀው። እኛ ጥግ ላይ ቆመን እንስቅበት ነበር። ከአመታት በኋላ ራሴን ስታዘብ ለካ እኔም ያው ፕላዝማ ነኝ፣ ልዩነታችን እኔ መብራት ሲሄድ አልጠፋም። ጠይቄ ሳልጨርስ እራሴ እመልሳለሁ፣ ወይ የፊተኛው ዴስክ ላይ ያለችው ጎበዝ ልጅ ትመልሳለች፣ እሷ ከመለሰች ክፍሉ በሙሉ የመለሰ መስሎኝ ወደ ቀጣዩ ርዕስ እሮጣለሁ።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚባለውን በቴፕ እየቀዳች ሰዓት ስትለካ መምህር ጠይቆ መልስ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለው ቀነሰ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ይሄን ሳነብ አላመንኩም፣ ሶስት ሰከንድ ምን አላት ብዬ። ሞክሪውና ታያለሽ፣ 62 ልጅ ፊት ዝም ብለሽ ስትቆሚ ሶስት ሰከንድ የሐረር መንገድ ነው የሚሆንብሽ። እኔ መላ ያገኘሁለት ጠይቄ ስጨርስ ጠመኔውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ መነጽሬን አወልቅና በሸሚዜ ጠርጌ መልሼ አደርገዋለሁ። እስክጨርስ አፌን አልከፍትም። መነጽሬ በዛ ዘመን እንዴት ንፁህ እንደነበር ባየሽ።

ሁለተኛው ነገር ስም መጨረሻ ላይ ይጠራል። «አብዲ፣ ኦስሞሲስ ምንድነው?» ካልሽ ከአብዲ በቀር 61ዱ እረፍት ወጡ ማለት ነው። መጀመሪያ ጥያቄው፣ ከዛ ዝምታው፣ ከዛ ስሙ። በዝምታው ውስጥ ስሜ ይጠራ ይሆን ብሎ 62ቱም ያስባል። ማንን እንደምጠራ እኔ ከመረጥኩ ደግሞ ያው አይኔ ወደ ጎበዞቹ ይሄዳል፣ ስለዚህ የሁሉንም ስም በትንንሽ ወረቀት ጽፈሽ የወተት ጣሳ ውስጥ ጨምሪና እያወጣሽ ጥሪ።

እና «ገባችሁ?» የሚለውን ቃል ከአፍሽ አውጪው። እኔ ለራሴ ቅጣት አውጥቼ ነበር፣ በተናገርኩት ቁጥር ለልጆቹ አንድ ከረሜላ። የመጀመሪያው ሳምንት ከስሬያለሁ።


አዲሷ_ባዮሎጂ
ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ የነገሩኝን ዛሬውኑ ነው የምሞክረው። ግን ዝም ስል ክፍሉ ቢረበሽብኝስ? እና ደግሞ ስሟ የወጣላት ልጅ ባታውቀውና ብታፍርስ?


ጋሽ_ጠመኔ
ረቡዕ ጠዋት 1፡41

ድሬ ላይ አንቱ የለም ልጄ፣ አንተ በይኝ አለዚያ አልመልስልሽም ሃሃ። ካላወቀች «እሺ አንቺ ጋር እመለሳለሁ» በያትና ሁለት ሌላ ልጅ ጠይቀሽ ከምርም ተመለሺ፣ የሰማችውን በራሷ ቃል ትበለው። ከተመለስሽ ማፈሩ ይቀራል፣ ካልተመለስሽ ግን «አላውቅም» ማለት ነጻ መውጫ መሆኑን በአንድ ቀን ነው የሚያውቁት።


ኤክስን_ፈልጉ
ረቡዕ ቀን 7፡20

ማትስ ነኝ። ጋሽ ጠመኔ ያለው ልክ ነው ግን ጣሳው አንድ ልጅ ነው የሚያሳይሽ፣ የቀሩት 61 ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም። እኔ የምጠቀመው ጣት ነው። ወጪው ዜሮ ብር።

አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ ከ4 አማራጭ ጋር፣ ሁሉም በልቡ ይሰራና «አሳዩ» ስል በአንዴ 1 ወይ 2 ወይ 3 ወይ 4 ጣቱን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ደረት ላይ ነው ያልኩት፣ ወደ ላይ ካነሱት ይኮራረጃሉ። 10 ሰከንድ ውስጥ ክፍሉን አነበብኩት ማለት ነው።

ዋናው ብልሃት ግን ጣቱ አይደለም አማራጮቹ ናቸው። ለምሳሌ −5 − 3 ስንት ነው? 1) −8 2) 8 3) −2 4) 2። ተሳስቶ 8 ያለኝ ልጅ «ኔጌቲቭና ኔጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው» የሚለውን የማባዛት ህግ ለመቀነስ ተጠቅሞበታል። −2 ያለው 5 ሲቀነስ 3 ሰርቶ ምልክቷን ከፊት ለጥፏል። 2 ያለው ምልክቱን ጭራሽ አላየውም። ሶስት የተለያየ በሽታ ነው፣ ሶስቱንም «ተሳስተሃል፣ መልሱ −8 ነው» ካልኳቸው አንዳቸውም አይድኑም። 8 ያሉት ብዙ ከሆኑ «ለባለሱቁ 5 ብር አለብኝ፣ ዛሬ ደግሞ የ3 ብር ዱቤ ወሰድኩ፣ ሀብታም ሆንኩ ወይስ?» እላቸዋለሁ፣ እዛው ይስቁና እዛው ይታረማሉ። ከአስሩ ስምንቱ ልክ ካሳዩኝ እቀጥላለሁ፣ የቀሩትን ዞሬ ዴስካቸው ጋር አገኛቸዋለሁ። ግማሹ ከተሳሳተ ግን አልቀጥልም፣ ብቀጥልም ለማን ነው የማስተምረው።

ላንቺ ኦስሞሲስ አንድ ልስራልሽ፣ ባዮሎጂ ብዙ አላውቅም አርሚኝ፦ ሰላጣ ስትሰሪ የተከተፈ ቲማቲም ላይ ጨው ነስንሰሽ ትንሽ ብትቆዪ ሳህኑ ውሃ ይይዛል። ለምን? 1) ጨው ወደ ውስጥ ገብቶ ውሃውን ገፍቶ ስላወጣው 2) ውሃው ከሴሉ ውስጥ ጨው ወደበዛበት ወደ ውጭ ስለወጣ 3) ጨው ቲማቲሙን ስላቀለጠው 4) በሙቀቱ። የድሬ ልጅ 4ን እንደሚመርጥልሽ እወራረዳለሁ።


አዲሷ_ባዮሎጂ
ረቡዕ ማታ 2፡05

ባዮሎጂ አላውቅም ትላለህ እንዴ፣ ከቻርቴ ይሻላል ይሄ። ዛሬ ጠየቅኳቸው። 62 ልጅ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ሳይ መጀመሪያ ሳቅሁ ከዛ ደነገጥኩ። መልሱ 2 ሆኖ ሳለ 1ን ያሳዩት ከግማሽ በላይ ናቸው!! ማለት ጨው ገፊ ነገር ነው ብለው ነው የሚያስቡት፣ ሰሚ ፐርሚያብል ሜምብሬን (ያ ውሃ የሚያሳልፈው ስስ ሽፋን) እያልኩ ሁለት ፔሬድ ስለፈልፍ እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ጨው ውሃን በክርን እየገፋ ነበር። ይሄን እኮ በኩዊዝ አላየሁትም፣ ኩዊዙ ላይ ኤክስ ብቻ ነው ያየሁት።

4ን ያሳዩ 6 ነበሩ፣ ውርርዱን ተሸንፈሃል።


የሳቢያን_እናት
ሐሙስ ጠዋት 4፡00

እኔ ወላጅ ነኝ እዚህ መድረክ ላይ ወላጅ ይፈቀዳል አይደል። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ደብተሯን ብታዩት መጽሐፍ ነው፣ በቀይና በሰማያዊ አሸብርቃ የጻፈችው፣ በየገጹ የቲቸር ራይት አለው። አንድ ቀን «ይሄ ምን ማለት ነው» ብዬ ከራሷ ጽሁፍ አንድ መስመር ሳነብላት «እማዬ እሱ እኮ ኖት ነው» አለችኝ። ኖት ነው! ማለት የሚጻፍ እንጂ የሚገባ ነገር አይደለም።

ግን እራሴንም ልውቀስ፣ አምና አንድ መምህር ኖት አያስጽፍም፣ ሲያወሩ ሲከራከሩ ነው ደወል የሚደወለው ብለን ወላጆች ተሰብስበን ሄደን ከሰነዋል። ደብተሩ ባዶ ስለሆነ ያልተማሩ መሰለን። አሁን ሳስበው በዛ አመት ነው ልጄ ቤት መጥታ ስለትምህርት ስታወራ የሰማኋት። እኛም ወላጆች እናስቸግራለን።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ፈተና ሲመለስላቸው 4/10 ተብሎ ይመጣል፣ ታየዋለች፣ ታለቅሳለች፣ አጥፋ ቦርሳ ውስጥ ትከተዋለች፣ አበቃ። ምኑ እንደተሳሳተ ማንም አይነግራትም። ይሄ ነገር እንዲሁ ነው እንዴ የሚደረገው?


ሐረር_ጁገል
ሐሙስ ቀን 9፡30

የሳቢያን እናት ጥያቄሽ ቦታው ላይ ነው። ሩት በትለር የምትባል እስራኤላዊት በ1988 (በነሱ አቆጣጠር) ያሳተመችው ጥናት አለ፣ ለአንዳንዶቹ ልጆች ነጥብ ብቻ ሰጠች፣ ለአንዳንዶቹ አስተያየት ብቻ፣ ለሌሎቹ ሁለቱንም። ተሻሽለው የተገኙት አስተያየት ብቻ የተሰጣቸው ናቸው። ነጥብና አስተያየት አንድ ላይ የተሰጣቸው ግን ነጥብ ብቻ ከተሰጣቸው ብዙም አልተሻሉም፣ ምክንያቱም ልጅ ቁጥሯን ካየ በኋላ ጽሁፉን አያነበውም፣ ጎኑ ያለው ስንት አመጣ ብሎ ነው የሚዞረው።

እኔ ሐረር ፕራይመሪ ነው የማስተምረው፣ ለ58 ልጅ አስተያየት ልጻፍ ብል ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ አልዋሽም አልችልም። የማደርገው ምን መሰላችሁ፣ ሳርም አብዛኛው ልጅ የሚሳሳታቸውን ሶስት አራት አይነት ስህተቶች ለይቼ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፣ ወረቀቱ ላይ ያንን ቁጥር ብቻ ጽፌ እመልሳለሁ፣ ነጥቡን በኔ ሊስት ላይ እይዘዋለሁ። ከዛ ሰሌዳ ላይ «1 ማለት ይሄ ነው፣ 2 ማለት ይሄ ነው» ብዬ ጽፌ እዛው ክፍል ውስጥ አርመው መልሰው ይሰጡኛል። ነጥባቸውን በማግስቱ ነው የሚያዩት። መጀመሪያ ሰሞን ሊያብዱ ደርሰው ነበር፣ «ቲቸር ስንት አመጣሁ ቲቸር ስንት አመጣሁ»፣ አንዱማ እናቱን ይዞ መጣ።


ደሞዝ_መቼ_ነው
ሐሙስ ማታ 2፡44

በጣም ያምራል። አሁን ግን እውነት እናውራ። እኔ በቀን 6 ፔሬድ አለኝ፣ በክፍል 70 ልጅ፣ ለሶስት አንድ መጽሐፍ፣ ፋን የለም፣ ውጪው 35 ድግሪ ነው ውስጡ ምድጃ ነው። ደሞዙን አልናገርም ስሜን አይታችኋል። እናንተ የምታወሩት ሩት በትለር ምናምን 20 ልጅ ላለው ክፍል ነው። ግሩፕ ወርክ ብለን አይተነዋል፣ 1 ለ 5 ተብሎ ምን ሆነ? አንዷ ትሰራለች አምስቱ ይገለብጣሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሪፖርት ይላካል። ተማሪ ድሮ አለንጋ ስለሚፈራ ያጠና ነበር፣ አሁን ምን ይፈራል?


ኤክስን_ፈልጉ
ሐሙስ ማታ 2፡59

አለንጋማ አያስፈልግም አቦ፣ ህገ መንግስቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ነው ይላል፣ እሱን ተወውና እኔ ተገርፌ የተማርኩት ማባዛት ዛሬም 7 በ8 ሲባል መጀመሪያ እጄን ነው የማሸው።


ገንደቆሬ_ቦይ
ሐሙስ ማታ 3፡10

እኔም ተገርፌያለሁ፣ ያው ባጃጅ ነው የምነዳው።


ሐረር_ጁገል
ሐሙስ ማታ 3፡35

ደሞዝ መቼ ነው፣ ስለሙቀቱና ስለመጽሐፉ ያልከው ሁሉ እውነት ነው አልከራከርህም። 1 ለ 5ም በብዙ ቦታ እንዳልከው ነው የሆነው። ግን የከሸፈው ልጆቹ ስለተቧደኑ አይመስለኝም፣ ስራው አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል ስለሆነ ነው። ጎበዟ ብቻዋን ከቻለችው ለምን ሰው ትጠብቃለች?

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ስለ ሐረር ጁገል ነበር ርዕሱ። አምስት በር አለ አይደል፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ፈላና በር። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ልጅ ነው፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ በር ሰጠሁ፣ የሚያነበው አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው የራሱ በር ብቻ ያለባት። ከዛ ሸዋ በር የደረሳቸው ልጆች በሙሉ ከየቡድናቸው ወጥተው አንድ ጥግ ይሰበሰቡና ተረዳድተው ያጠኑታል፣ ቡዳ በሮቹም እንደዛው፣ ክፍሉ ገበያ ነው የሚመስለው። ከዛ ወደየቡድናቸው ተመልሰው እያንዳንዱ ለአራቱ ያስተምራል። መጨረሻ ላይ ፈተናው በግል ነው፣ ስለአምስቱም በር። አሁን ሰንጋ በር የደረሰው ሰነፍ የሚባለው ልጅ ካልተናገረ ማንም ሰንጋ በርን አያውቅም። ጎበዟ ራሷ «ንገረን እንጂ» ብላ ትለምነዋለች። ያንን ልጅ ሰው ሲለምነው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ነገሩን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ኤሊየት አሮንሰን የሚባል ሰው በ1971 ኦስቲን ቴክሳስ ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ክፍል ሲቀላቀሉ መጣላት በዝቶ እንዲግባቡ ብሎ ያመጣው ዘዴ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንዱ ዴስክ ላይ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐረሪና አማርኛ ተናጋሪ አብረው ነው የሚቀመጡት፣ ለኛ የተሰራ ነው የሚመስለው።

ከ70 ልጅ ጋር በየቀኑ ይሰራል ወይ? አይሰራም። እኔ በወር አንዴ ሁለቴ ነው የምሰራው፣ ወረቀቱን መቁረጥ ራሱ ስራ ነው።


አዲሷ_ባዮሎጂ
ሐሙስ ማታ 3፡58

ቋንቋውን ስላነሳሽው፣ እኔ ጋ 9ኛ ክፍል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ስምንት አመት በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ወይ በሶማልኛ ተምረው ነው የሚመጡልኝ። ዝም የሚሉት ሳይገባቸው ነው ወይስ እንግሊዝኛው ጠፍቷቸው ነው የሚለውን መለየት አልቻልኩም።


ጋሽ_ጠመኔ
ዓርብ ጠዋት 12፡30

መጀመሪያ በፈለጉት ቋንቋ ያውሩት። ጥያቄውን ስጫቸውና 2 ደቂቃ ከጎናቸው ካለው ጋር በሶማልኛም በኦሮምኛም ይነጋገሩ፣ ሲጨርሱ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አብረው ሰርተው ይጻፉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማሰቡም በእንግሊዝኛ ይሁን ማለት ሁለት ኩንታል ባንዴ ማሸከም ነው። «ወተር ሙቭስ ፍሮም…» ብለሽ መነሻዋን ሰሌዳ ላይ ጻፊላቸው፣ እነሱ ይጨርሱት።

ሌላ አንድ ነገር፣ ከሰዓት ፈረቃ ነሽ። የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ ስም ጥሪ አትፍጂበት። እንደገቡ ሰሌዳው ላይ ሶስት ጥያቄ ይጠብቃቸው፣ አንዱ የትናንት፣ አንዱ የባለፈው ሳምንት፣ አንዱ የባለፈው ወር። ደብተር ሳይከፍቱ ይመልሱ፣ ነጥብ የለውም። እነሱ ሲጽፉ አንቺ ስም ያዢ። በ2006 በፈረንጆቹ ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ ሁለት ሰዎች አንድን ጽሁፍ ደጋግመው ያነበቡትንና አንብበው ከጭንቅላታቸው ያስታወሱትን ተማሪዎች አወዳደሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገላበጠ፣ ለማስታወስ የታገሉት በለጡ። የኛ ልጆች ማጥናት ማለት ደብተር ደጋግሞ ማንበብ ነው የሚመስላቸው፣ ማታ የሸመደዱት ጠዋት ስላለ ያወቁት ይመስላቸዋል፣ ገንደቆሬ «የገባኝ ይመስለኝ ነበር» ያለው እሱን ነው።


ደሞዝ_መቼ_ነው
ዓርብ ማታ 1፡15

እሺ ጣቷን ዛሬ ሞከርኩ። ሳልፈልግ ነው የሞከርኩት፣ ጉሮሮዬን አሞኝ ማውራት ስላልቻልኩ። ምንም አልልም።


ሐረር_ጁገል
ዓርብ ማታ 1፡20

«ምንም አልልም» ማለት ሰራ ማለት ነው ሃሃሃ


አዲሷ_ባዮሎጂ
እሁድ ማታ 2፡30 (ከሶስት ሳምንት በኋላ)

ተመለስኩ። ጠፋሁ አይደል፣ ይቅርታ።

ሪፖርት ላድርግ። «ገባችሁ?» ማለት ሙሉ በሙሉ አልተውኩም፣ ከአፌ ያመልጠኛል፣ ልጆቹ ደንቡን ስለነገርኳቸው ባመለጠኝ ቁጥር «ቲቸር ከረሜላ!» ይላሉ፣ ሰፈሬ ያለው ባለሱቅ ልጅ ወለድሽ እንዴ ብሎኛል። ጣቱን በየቀኑ እጠቀማለሁ፣ ሶስቱን ጥያቄ እንደገቡ እሰጣለሁ፣ ዝምታው አሁንም ይከብደኛል፣ መነጽር ስለሌለኝ ሻሼን ነው የማስተካክለው።

ሁለተኛውን ኩዊዝ ባለፈው ሐሙስ ሰጠሁ። 5ና ከዛ በላይ ያመጡት 33 ናቸው። ከ9 ወደ 33 ደስ ብሎኛል አልዋሽም፣ ግን 29 ልጅ አሁንም አለ፣ ኩዊዙም አንድ አይነት ስላልሆነ ብዙ አልፎክርም።

ችግሩ ደግሞ ይኸው፣ ከአመታዊ እቅዱ 5 ፔሬድ ወደኋላ ቀርቻለሁ። ጎን ያለው ክፍል ቻፕተር 3 ገብቷል እኔ 2ን አልጨረስኩም። ዲፓርትመንት ሄዱ ጠርቶኝ «ሚድ ለሁሉም ሴክሽን አንድ ነው፣ ያልሸፈንሽው ቢወጣ ማን ይጠየቃል?» አለኝ። መልስ አጣሁ፣ ልክም ነው።


ኤክስን_ፈልጉ
እሁድ ማታ 2፡48

ይሄ ሁላችንንም የሚያመን ነገር ነው፣ ንፁህ መልስ የለውም። እኔ ያደረግኩት ኖቱን መቁረጥ ነው። ሰሌዳ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መልሶ ማስጻፍ ከ40 ደቂቃው 15ቱን ነበር የሚበላብኝ፣ አሁን ዋና ዋናውን አንድ ገጽ አሳጥሬ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለየዴስኩ አንድ አንድ እሰጣለሁ፣ ቤታቸው በተራ ይገለብጡታል። ከዛ ደግሞ ሁሉም ርዕስ እኩል አይደለም፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ካልገባቸው ኢኩዌሽን አይገባቸውም፣ እዛ ላይ ቆማለሁ፣ ሌላው ላይ እሮጣለሁ። ዲፓርትመንት ሄዱን አትጣይው፣ ጣት ያሳዩትን ቁጥር በየቀኑ ማስታወሻሽ ላይ ያዢና አሳዪው፣ ቁጥር ሲያይ ሰው ይለዝባል።


የሳቢያን_እናት
እሁድ ማታ 3፡02

ኖቱን ስትቆርጪ ለወላጆች ቀድመሽ ንገሪያቸው በአላህ፣ አለበለዚያ እንደኛ ተሰብስበው ይመጡብሻል።


አዲሷ_ባዮሎጂ
እሁድ ማታ 3፡20

እሺ እነግራቸዋለሁ። አሁን አንድ የሚያስቅ ነገር። ጋሼ ጣሳው ውስጥ አንዳንድ ልጆች ስማቸው ጭራሽ አይወጣም፣ ዕድል ነው እል ነበር። ዓርብ ገልብጬ ቆጠርኩት፣ 57 ወረቀት ነው ያለው! አምስቱ እረፍት ሰዓት ላይ የራሳቸውን ስም ሰርቀው አውጥተዋል።


ገንደቆሬ_ቦይ
እሁድ ማታ 3፡24

5 ብቻ? የኛ ክፍል ቢሆን ጣሳውን ከነስሞቹ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ነበር የምታገኚው


ጋሽ_ጠመኔ
እሁድ ማታ 3፡30

ሃሃሃ እኔ ጋ ይሄ አልደረሰም፣ የድሮ ልጆች የዋህ ነበሩ። እነማን እንደሆኑ አወቅሽ?


አዲሷ_ባዮሎጂ
እሁድ ማታ 3፡37

ከስም ዝርዝሩ ጋር አመሳከርኩት። አራቱ የታወቁ ረባሾች ናቸው፣ ስቄ ነው የተውኳቸው። አምስተኛዋ ያቺ «ቲቸር ያስተማረችን ነገር» ብላ የጻፈችው ልጅ ናት። በጣም ዝምተኛ ናት፣ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ስሟን መልሼ ላስገባው ወይስ ልተዋት? ጨነቀኝ።


ገንደቆሬ_ቦይ
እሁድ ማታ 3፡49

አስገቢው ግን ጥያቄውን ቀድመሽ ስጫት። እኔን አንድ የጂኦግራፊ ቲቸር በር ላይ ጠብቆ «ነገ ይሄን ነው የምጠይቅህ» ብሎ በወረቀት ሰጥቶኝ ያውቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ ስደግመው አደርኩ፣ በማግስቱ ክፍሉ ፊት ስመልስ ሰዎቹ ኮርጆ ነው አሉ። ይበሉ። ከዛ ቀን ጀምሮ በሱ ክፍለ ጊዜ ፎርፌ አላውቅም፣ በሌላው አልዋሽም ፎርፌያለሁ።


አዲሷ_ባዮሎጂ
እሁድ ማታ 4፡10

እሺ፣ ጻፍኩላት። «የባህር ውሃ የጠጣ ሰው ለምን ይበልጥ ይጠማዋል?» ነው ያልኩት፣ ከስር ደግሞ ቲማቲሙን አስታውሺ ብዬ። በሶማልኛም ቢሆን አስቢው ብያለሁ። ነገ ስም ከመጥራቴ በፊት ውጪ ዛፉ ስር አገኛትና እሰጣታለሁ፣ ለሌሎቹ አትንገሩብኝ።